ምች ነው፣ ጨጓራ ነው ከማለታችሁ በፊት፦ የልብ ሕመምን በጊዜ የመለያና ልብን የመንከባከቢያ ዝርዝር መመሪያ

በጎጃም የልብ ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ምልክቱ ሳይታይ ቀርቶ አይደለም። ታይቷል፣ ግን ሌላ ስም ወጥቶለታል። ደረቱን ሲጨምቀው ጨጓራ፣ ላብ ሲያጠምቀው ምች፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ብርድ፣ እግሩ ሲያብጥ ኩላሊት ይባላል። የልጅ ጉልበት ካበጠ ደግሞ «ወድቆ ነው» ተብሎ ወጌሻ ይጠራል። ስሙ ሲሳሳት መድኃኒቱም ይሳሳታል፤ ዳማ ከሴ ታሽቶ፣ ተልባ ተበጥብጦ፣ ዋግምት ተደርጎ ሳምንታት ይነጉዳሉ።

ከዚህ በታች ያለው ቤት ውስጥ ምን እንደምታዩ፣ እንዴት እንደምትለኩ፣ ምን ሲሆን እንደማትጠብቁና ከሐኪም ቤት መልስ ምን እንደምታደርጉ በቅደም ተከተል ያሳያል። የሐኪምን ምርመራ አይተካም፤ ወደ ሐኪሙ በጊዜ ያደርሳችኋል።

ሳትውሉ ሳታድሩ የምትነሱባቸው ምልክቶች

ከእነዚህ አንዱን አሁን እያያችሁ ከሆነ የቀረውን ማንበብ ትታችሁ ተነሱ።

• ደረት መሃል ላይ ድንጋይ የተጫነ ያህል የሚከብድ ወይም ጠፍሮ የሚይዝ ሕመም፣ በእረፍት ከ15 ደቂቃ በላይ ካልለቀቀ፤ በተለይ ወደ ግራ ክንድ፣ አንገት ወይም መንጋጋ ከሄደና ቀዝቃዛ ላብ ካለው
• ተቀምጦም የማይቆም የትንፋሽ ማጠር፣ አረፋማ ወይም ደም የነካው አክታ
• ራስን ስቶ መውደቅ
• የፊት አንድ ጎን መጣመም፣ የአንድ ክንድ መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር (ይህ ስትሮክ ነው፤ አስፒሪን አትስጡ)
• የአንድ እግር ባት ብቻ በድንገት አብጦ ማመም
• በሕፃን ላይ፦ ሲጠባ ማለክለክና ማላብ፣ የከንፈር መጥቆር

ከመጀመራችሁ በፊት የምታዘጋጁት

1. አንድ ደብተር። የምትለኩት ሁሉ በቀን ይጻፍበታል። በቃል የሚያዝ ቁጥር ለሐኪም አይጠቅምም።
2. ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ወይም ስልክ።
3. አንድ ክንድ የሚሆን የማይለጠጥ ክር።
4. የደም ግፊት መለኪያ፣ አቅም ከፈቀደ። በላይኛው ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ምረጡ፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው በቀላሉ ይሳሳታል። ከሌላችሁ ጤና ጣቢያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋ ተለኩ።
5. የአምቡላንስ ስልክ። የወረዳችሁን ጤና ጣቢያ ዛሬ ጠይቁና በደብተሩ ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፉት። ሌሊት ሰው ሲታመም የሚፈለግ ቁጥር አይገኝም።
6. የማኅበረሰብ ጤና መድን መታወቂያ፣ የታደሰ። ከመታመም በፊት ነው የሚታደሰው።

ደረጃ 1፦ ትንፋሽ፣ እግር፣ ምት

ልብ ሲደክም የግድ አያምም። ደሙን መግፋት ሲያቅተው ውኃው ወደ ሳንባና ወደ እግር ይመለሳል። ስለዚህ ልብን የምታዩት በትንፋሽና በእግር ነው። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ በልጅነቱ መገጣጠሚያው ያበጠ፣ ወይም «የልብ ችግር አለብህ» የተባለ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ይህን ይመልከት።

ትንፋሽ

1. ለራሳችሁ ይህን ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት በአንድ እስትንፋስ የምወጣውን ዳገት ዛሬ ስንት ጊዜ ቆሜ ነው የምወጣው? ቀድሞ የማያርፈው ሰው አሁን ሁለት ጊዜ ካረፈ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት።
2. የምትተኙበትን ራስጌ ተመልከቱ። ልቡ የደከመ ሰው ሳያስበው ራስጌውን ከፍ ያደርጋል፤ መጀመሪያ አንድ ትራስ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ጋቢ እያጠፈ ይደርባል፤ በመጨረሻ መደብ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ያድራል። የትራሱን ቁጥር ጻፉ።
3. ከተኛ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ አየር አጥሮት ብድግ የሚል፣ በር ከፍቶ ደጅ የሚወጣ ሰው በዚያው ሳምንት መመርመር አለበት። «ቅዠት ነው» አይባልም።
4. ሲተኛ የሚብስ፣ ሲቀመጥ የሚሻለው ደረቅ ሳልም ከልብ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ለሳንባ ነቀርሳም መመርመር ስላለበት ሁለቱን አብራችሁ አስመርምሩ።

እግር

1. ምሽት ላይ፣ ጫማና ካልሲ ከወለቀ በኋላ፣ ከቁርጭምጭሚት አራት ጣት ከፍ ብሎ የቅልጥሙን አጥንት ፊት አግኙ።
2. በአውራ ጣት ጫን ብላችሁ እስከ 10 ቁጠሩ።
3. ጣታችሁን አንሡና ቦታውን በብርሃን እዩት፤ በእጅም ዳብሱት። ጤነኛ እግር ወዲያው ይሞላል። ውኃ የያዘ እግር ላይ ግን ሊጥ ላይ ጣት እንደተከለ ጉድጓድ ይቀራል፣ ለመሙላትም ጊዜ ይፈጃል።
4. ሌላውንም እግር እንዲሁ አድርጉ። የተኛ በሽተኛ ከሆነ ውኃው ወደ ወገብ ስለሚወርድ የጀርባውን ታች ተጫኑ።
5. በክሩ የቁርጭምጭሚቱን ላይ ለኩና ቋጠሮ አድርጉ። በሳምንቱ በዚያው ሰዓት በዚያው ቦታ ለኩ። ክሩ ካልደረሰ እብጠቱ ጨምሯል።

እዚህ ላይ በጎጃም አንድ መምታታት አለ። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የእግር ዝሆኔ በምሥራቅም በምዕራብም ጎጃም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ያበጠ እግር ሁሉ ዝሆኔ ይመስላል። ዝሆኔ ከጣትና ከእግር መዳፍ ይጀምራል፣ ሁለቱን እግር እኩል አያሳብጥም፣ እየቆየ ቆዳው ይጠነክራል፣ ይሻክራል፣ አብዛኛውን ጊዜም ከጉልበት በታች ይቀራል። የልብ እብጠት ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ቆዳው ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል፣ እየባሰ ሲሄድ ወደ ጭንና ወደ ሆድ ይወጣል። ነገር ግን ዝሆኔም ገና ሲጀምር ሊጎደጉድና ሲነጋ ሊቀንስ ይችላል። ሁለቱን የሚለያችሁ ትንፋሽ ነው፤ እብጠትና ማለክለክ አብረው ከመጡ ልብ ነው ብላችሁ ሂዱ። ጠዋት ፊትና ዐይን ስር የሚያብጥ ከሆነ የኩላሊት ምርመራም ጠይቁ።

ምት

1. 5 ደቂቃ ተቀመጡ።
2. በአመልካችና በመሃል ጣት፣ በአውራ ጣት በኩል ያለውን የእጅ አንጓ ዳብሱ። በአውራ ጣት አትለኩ፤ የራሱ ምት ስላለው ያሳስታችኋል።
3. ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት የተዛባ ምትን ይደብቃል።
4. ለአዋቂ በእረፍት ከ60 እስከ 100 ደህና ነው። ሲያርስ የኖረ ጠንካራ ሰው ከ60 በታች ሊሆን ይችላል፤ ማዞርና ድካም ከሌለው አያስፈራም።
5. ከቁጥሩ በላይ አካሄዱን አድምጡ። እኩል እየመታ አንዴ ሳት ማለቱ ብዙ ጊዜ አያሰጋም። ምንም ሥርዓት የሌለው፣ አሁን ፈጥኖ አሁን ዘግይቶ የሚመታ ከሆነ ግን ኢሲጂ (የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚያሳይ ምርመራ) መነሣት አለባችሁ። እንዲህ ያለው ምት በልብ ውስጥ ደም እያረጋ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል።

ደረጃ 2፦ የደም ግፊትን በትክክል መለካት

ደም ብዛት ሲኖር ራስ ያማል፣ ነስር ይመጣል የሚለው እምነት ብዙ ሰው ጎድቷል። አብዛኛው የደም ግፊት ምንም አይሰማም። ከ30 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይለካ።

1. ከመለካት 30 ደቂቃ በፊት ቡና አትጠጡ፣ አታጭሱ፣ ጫት አትቃሙ። ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዛችሁ ጤና ጣቢያ ከደረሳችሁ ከተራው በፊት ዕረፉ፤ «አሁን ነው የደረስኩት» በሉ።
2. ሽንታችሁን ሽኑ።
3. መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ጀርባችሁን አስደግፉ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ መሬት አስረግጡ፣ 5 ደቂቃ ዝም በሉ።
4. ጋቢውን፣ ኮቱን፣ ሹራቡን አውልቁ። እጅጌ ጠቅልሎ ወደ ላይ መስቀል አይበቃም፤ የተጠቀለለው ልብስ ክንድን አንቆ ቁጥሩን ያዛባል።
5. መጠቅለያውን ከክርን መታጠፊያ ሁለት ጣት ከፍ አድርጋችሁ ባዶ ክንድ ላይ ጠምጥሙ። ሁለት ጣት ቢገባበት ልኩ ነው። ለወፍራም ክንድ ትልቁን ጠይቁ፤ የጠበበ መጠቅለያ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል።
6. ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ በልብ ትይዩ አሳርፉ። ተንጠልጥሎ ከተለካ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ከልብ በላይ ከሆነ ይቀንሳል።
7. አትናገሩ። የሚለካችሁ ሰው ቢጠይቃችሁም በኋላ መልሱ።
8. ከአንድ ደቂቃ በኋላ ድገሙ። ሁለቱንም ጻፉ።

ቤት ውስጥ ስትለኩ ጠዋት መድኃኒት ሳይዋጥና ማታ፣ ለ7 ቀን አድርጉ። የመጀመሪያውን ቀን ተዉትና የቀረውን አማካይ ውሰዱ።

ቁጥሩ ምን ይላል? በጤና ተቋም በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ፣ በቤት አማካይ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የደም ግፊት አለ። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ብቻ ከፍ ቢልም ይቆጠራል።

180/120 ካሳየ 5 ደቂቃ ዐርፋችሁ ድገሙት። ያው ከሆነና የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዐይን ብዥታ፣ ከባድ የራስ ምታት ወይም የአካል መዛል ካለ በዚያው ሰዓት ሂዱ። ምንም ምልክት ከሌለም በዚያው ቀን ባለሙያ ይያችሁ። ቶሎ ለማውረድ ብላችሁ የሰው ክኒን አትዋጡ፣ ከምላስ ስር አታስቀምጡ። በድንገት የወረደ ግፊት አንጎልን ደም ያሳጣል።

ደረጃ 3፦ ደረት ሲያም

ጨጓራ ያቃጥላል፣ ከምግብ ጋር ይሄዳል ይመጣል። የጡንቻና የጎድን ውጋት በአንድ ጣት «እዚህ ጋ» ተብሎ ይታያል፣ ሲጫኑት ወይም በረጅሙ ሲተነፍሱ ይብሳል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ቦታውን በጣት ማሳየት ያቅተዋል፤ መዳፉን ወይም ጭብጡን ደረቱ መሃል ላይ ያስቀምጣል። ዳገት ሲወጣ ወይም ጀሪካን ሲሸከም መጥቶ፣ ቆም ሲል በደቂቃዎች ውስጥ የሚለቅ የደረት ሕመም የልብ ደም ስር እየጠበበ ለመሆኑ ማስጠንቀቂያ ነው። ሕመሙ ለቀቀ ተብሎ አይተውም፤ በዚያው ሳምንት መመርመር አለበት።

ይህ ልዩነት ሁልጊዜ አይሠራም። በሴቶች፣ በአረጋውያንና ስኳር ባለባቸው ሰዎች ድንገተኛ የልብ ሕመም በሆድ አፍ ላይ ማቅለሽለሽ፣ ድንገተኛ ዝለትና ማለክለክ ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው አዲስ ሕመም ከላብ ጋር ከያዘው ኢሲጂ እስኪነሣ ድረስ ልብ ነው ብላችሁ ያዙት።

ሲከሰት እንዲህ አድርጉ፦

1. የሚሠራውን ያቁም። መሬት ላይ ግድግዳ አስደግፉት፣ ጉልበቱን እጠፉለት፣ ቀበቶውንና አንገቱን አላሉ።
2. ወደ አምቡላንስ ደውሉ። የታመመው ሰው ሁለት እርምጃ እንኳ አይሂድ።
3. አስፒሪን የማይስማማው ካልሆነ፣ ደም የሚፈስ የጨጓራ ቁስል ከሌለበት፣ ፊቱ ካልተጣመመና አንደበቱ ካልተያዘ፣ 300 ሚሊግራም አስፒሪን አኝኮ ይዋጥ። ትንንሾቹ 81 ሚሊግራም ከሆኑ 4 ፍሬ።
4. ወተት፣ ተልባ፣ አረቄ አትስጡ። ዲክሎፍናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ መርፌ አታስወጉ።
5. መኪና የማይገባበት ሰፈር ከሆናችሁ በቃሬዛ ውሰዱት። ማለክለክ ካለው ቃሬዛው ላይ በጀርባው አታጋድሙት፤ ብርድ ልብስና ጋቢ አጣጥፋችሁ ከጀርባው አድርጉና እንደተቀመጠ ተሸከሙት። በጀርባ መጋደም ውኃውን ወደ ሳንባው ይመልሰዋል። በበቅሎ አታስኪዱት።
6. የሚውጣቸውን ክኒኖች በሙሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

ከወደቀ፣ ጠርታችሁት ካልመለሰና ካልተነፈሰ ውኃ አትርጩ፣ ክብሪት አታሽትቱ። ጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው አጋድሙት። የአንድ እጃችሁን መዳፍ ስር በደረቱ አጥንት ላይ፣ በሁለቱ ጡቶች መሃል አሳርፉ፤ ሌላውን እጅ ደርቡበት። ክርናችሁን ሳታጥፉ 5 ሳንቲሜትር ያህል እንዲሰምጥ ተጫኑ፣ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ድገሙ። ሲደክማችሁ በየሁለት ደቂቃው ተለዋወጡ። እርዳታ እስኪደርስ ወይም እስኪተነፍስ አታቁሙ።

ደረጃ 4፦ የልጆች ጉሮሮ

በአገራችን የወጣቶች የልብ ሕመም አንዱ ዋና ምንጭ እዚህ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን የሚይዝ የጉሮሮ ባክቴሪያ አለ። በደንብ ካልታከመ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመውጋት ሲነሣ የገዛ ልቡን ይጎዳል፤ የልብ በሮች ይጠብባሉ ወይም መግጠም ያቅታቸዋል። ልጁ 20 ዓመት ሲሞላው ማለክለክ ሲጀምር የጉሮሮው ነገር ተረስቷል።

1. ልጁ ጉሮሮዬን ካለ አፉን በብርሃን እዩ። ትኩሳት፣ የቀላ ወይም ነጭ መግል የነካው ቶንሲል፣ አንገት ስር ያበጠ ንፍፊት ካለና ሳልና ንፍጥ ከሌለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።
2. አትዘግዩ። ሕመሙ ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን ልቡን ይጠብቃል።
3. የታዘዘው አንድ መርፌ ከሆነ ይወጋ። አሞክሲሲሊን ከሆነ 10 ቀን ሙሉ ይዋጥ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲጠፋ ማቆም ትልቁ ስህተት ነው፤ ባክቴሪያው አልሞተም።
4. እንጥል አታስቆርጡ፣ ቶንሲል በጣት አታስፈርጡ። ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ የደም መፍሰስና የቁስል መመረዝ ይጨምርበታል።
5. ጉሮሮው ከዳነ በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ልጁን ልብ በሉ። አንድ ቀን ጉልበቱ፣ በማግስቱ ቁርጭምጭሚቱ፣ ቀጥሎ ክርኑ እያበጠ የሚዞር ሕመም ካለው ወጌሻ አትጥሩ፤ ሆስፒታል ውሰዱት። እጁ ሳያዘው እየተወዛወዘ ብርጭቆ የሚጥል፣ ፊቱ የሚቀያየር ልጅም «ለክፎታል» ሳይባል በዚሁ መንገድ ይሂድ።

መርፌው ለምን ይቋረጣል?

የልብ በር ችግር የተገኘበት ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋል፤ ለዓመታት፣ አንዳንዱም ዕድሜውን ሙሉ። ቤተሰብ ቀኑን እንዳይረሳ በወርኃዊ በዓል ይይዘዋል፤ «በየሚካኤሉ» ይላል። የኛ ወር 30 ቀን ነው፣ መድኃኒቱ ግን ከ28 ቀን ማለፍ የለበትም። ጳጉሜን ስትገባበት ደግሞ ክፍተቱ 35 ይሆናል። በበዓል አትያዙት፣ በገበያ ቀን ያዙት፤ ገበያችሁ ቅዳሜ ከሆነ በየ4ኛው ቅዳሜ ይሁን፣ በየ3 ሳምንቱ ከታዘዘ በየ3ኛው።

ቀኑ ካለፈ የሚቀጥለውን አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሂዱ። ልጁ በልቶና ውኃ ጠጥቶ ይሂድ፣ ተጋድሞ ይወጋ፣ ከተወጋ በኋላ 30 ደቂቃ እዚያው ይቆይ።

ደረጃ 5፦ ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ

«ይደክመኛል» አትበሉ። ያ ቃል ለደም ማነስም፣ ለጨጓራም፣ ለሐዘንም ይሆናል። ደብተራችሁን ከፍታችሁ እንዲህ በሉ፦ «ከጥቅምት ጀምሮ በሁለት ትራስ ነው የምተኛ፤ ሌሊት አየር አጥሮኝ እነሣለሁ፤ እግሬ ማታ ማታ ይጎደጉዳል፤ ምቴ 110 ነው።» ሐኪሙ ልብ ማዳመጫውን እንዲያነሣ የሚያደርገው ይህ ነው።

ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ በማኅበረሰብ ጤና መድን ለመታከም የሪፈር ወረቀት ያስፈልጋችኋል። ድንገተኛ ከሆነ ግን ወረቀት ፍለጋ አትዙሩ። ከዚያ እንደ ቅርበታችሁ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ፣ ቢቸና፣ እንጅባራ፣ ሲከፋም ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ትላካላችሁ። የልብን በርና ጉልበት የሚያሳየው ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ነው። ኢኮ ታዞላችሁ ከሩቅ የምትመጡ ከሆነ መሣሪያው እየሠራ መሆኑንና ቀጠሮውን በስልክ አረጋግጡ። ውጤቱን ፎቶ አንሥታችሁ በስልክም አስቀምጡ። ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ልጅ ከሆነ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ወዳለው የሕፃናት የልብ ሕክምና ማዕከል ስለመላክ ሐኪሙን ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ማዕድ ቤቱ

ጨው

ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ይህ በወጡ፣ በዳቦው፣ በበርበሬው ያለውን ሁሉ ይጨምራል። ስንት እየበላችሁ እንደሆነ ለማወቅ እንዲህ አድርጉ፦

1. አንድ ኪሎ ጨው ስትከፍቱ ቀኑን ከረጢቱ ላይ ጻፉ።
2. አምስት ሰው ላለበት ቤት አንድ ኪሎ ቢያንስ 40 ቀን መቆየት አለበት። በ20 ቀን ካለቀ እጥፍ እየበላችሁ ነው።
3. ሽሮና በርበሬ ስታስፈጩ ጨው አትጨምሩ። የተሰወረው ጨው ያለው እዚያ ነው፤ እናት ወጡን ስትሠራ እንደገና ትጨምራለች።
4. ቡና በጨው የምትጠጡ ጨውን ተዉ። ቋንጣና የተገዛ የወጥ ማጣፈጫም እንዲሁ።
5. በአንድ ቀን አትቁረጡት፣ ምግቡ ይጠላል። በየሳምንቱ ሩብ ሩቡን ቀንሱ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሎሚ ጨምሩ። ምላስ በወር ገደማ ይለምዳል።

ለበሽተኛው ብቻ ለይቶ ማብሰል ብዙ አይዘልቅም። ቤቱ በሙሉ ቢቀንስ ይሻላል።

ዘይትና ቅቤ

ደብረ ማርቆስ ብርድ ላይ ጠዋት ረግቶ የምታገኙት ዘይት ፓልም ነው፤ ልክ እንደ ቅቤ የደም ስር የሚያጠብ ስብ ይበዛበታል። የኑግ ዘይት አይረጋም፣ አገራችሁም ያበቅለዋል። የልብ ሕመም ወይም ከፍተኛ ኮሌስትሮል ያለበት ሰው ቅቤን ለበዓል ያቆየው፣ ያኔም ጥቂት። በሁዳዴ ከርሞ በፋሲካ ቀን ጨው የበዛበት ዶሮ ወጥና ሥጋ በአንድ ጊዜ መብላት የደከመ ልብን በዚያው ሌሊት በውኃ ያጥለቀልቃል።

የቀረው

ሲጋራ ይቁም፣ ማሳነስ አይበቃም። ጫት ምትንና ግፊትን ይጨምራል። አረቄ ልቡ ለደከመ ሰው ጭራሽ አይሆንም። የማገዶ ጭስ ሳንባን ከዚያም ቀኝ ልብን ይጎዳል፤ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሥሩ፣ ሕፃን አዝላችሁ አትጋግሩ። ከተማ ተቀምጣችሁ የምትሠሩ በሳምንት 5 ቀን፣ 30 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ፤ ማውራት እየቻላችሁ መዝፈን የሚያቅታችሁ ፍጥነት ልኩ ነው።

ደረጃ 7፦ ክኒኑን ይዞ መዝለቅ

መድኃኒት የሚቋረጠው ሰው ሲሻለው ነው። የተሻለው ግን በክኒኑ ነው፤ ሲቋረጥ ግፊቱ ይመለሳል፣ ውኃው ይሞላል።

1. ክኒኑን ከማትረሱት ሥራ ጋር እሰሩት፦ ከጠዋት ቡና ወይም ከማታ ጸሎት። የሚያሸናውን ጠዋት ዋጡ፣ አለበለዚያ ሌሊት ያመላልሳችኋል።
2. ከረሳችሁ ባስታወሳችሁ ጊዜ ዋጡ። የሚቀጥለው ከቀረበ ዝለሉት። ሁለት አትደርቡ።
3. ልቡ የደከመ ሰው ጠዋት ሸንቶ፣ ምግብ ሳይቀምስ ይመዘን። በ3 ቀን 2 ኪሎ ከጨመረ ውኃ ነው፤ እግሩ እስኪያብጥ ሳይጠበቅ ወደ ክሊኒኩ ይሂድ። ሚዛን ከሌለ ክሩንና የቀበቶውን ቀዳዳ ተከታተሉ።
4. ለወገብና ለራስ ምታት ዲክሎፍናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትግዙ። ግፊት ይጨምራሉ፣ ውኃ ይይዛሉ። ፓራሲታሞል ይሻላል።
5. ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የምትወስዱ ዋግምት አታድርጉ፣ ጥርስ ከመንቀልና መርፌ ከመወጋት በፊት ተናገሩ። ጎመን አትከለከሉም፤ በየሳምንቱ መጠኑ እኩል ይሁን። የደም ምርመራውን ቀጠሮ አታሳልፉ።

ክኒኑ ካልተስማማ

ኢናላፕሪል የሚባለው የግፊትና የልብ ክኒን የማያቋርጥ ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል። አምሎዲፒን የሚባለው የግፊት ክኒን እግር ሊያሳብጥ ይችላል። ሁለቱም በሌላ ይተካሉ፤ ለሐኪሙ ንገሩ እንጂ በራሳችሁ አታቁሙ። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ኢናላፕሪሉን ወዲያው ተዉና ሂዱ። ከአልጋ ስትነሡ ካዞራችሁ ቁጭ ብላችሁ ቆዩ፣ ቁጥሩን ለክታችሁ ለቀጠሮ ያዙ። ነጭ ሽንኩርትም ሽፈራውም ለምግብ መልካም ናቸው፣ በክኒን ፋንታ ግን አይቆሙም።

ጾምና ጠበል

ጾም ከመግባቱ በፊት ሁለት ሰው አማክሩ፦ ሐኪማችሁን የክኒኑ ሰዓት ስለመቀየሩ፣ የንስሐ አባታችሁን ስለ ሕመማችሁ። ለታመመ ሰው ጾሙን ማቅለል በእሳቸው እጅ ነው። በራሳችሁ የሰዓት ለውጥ አታድርጉ።

ጠበል ስትሄዱ ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ፣ እየተጠመቃችሁ ዋጡ። ሐኪሙ በቀን የምትጠጡትን ውኃ ወስኖ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንድ ተኩል ሊትር፣ የምትጠጡት ጠበልም ከዚያው ይቆጠራል። ይህን ባለማወቅ በማለክለክ የሚመለስ አለ። ለአጥማቂው አባት አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ነፍሰ ጡርና አራስ

የልብ በር ችግር ያለባት ሴት ከማርገዟ በፊት ኢኮ ትነሣ። ኢናላፕሪል በእርግዝና አይወሰድም፤ ዋርፋሪንም ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ የወር አበባዋ ከቀረ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት። ጤነኛ የነበረች ሴት እንኳ ከመጨረሻው የእርግዝና ወር ጀምሮ ከወለደች እስከ 5 ወር ድረስ ልቧ ሊደክም ይችላል። አራሷ ጋደም ማለት ካቃታት፣ ሌሊት ተቀምጣ ካደረች፣ እግሯ ከወሊድ በኋላ እያበጠ ከሄደ «የአራስነት ድካም» አትበሉ፤ በዚያው ቀን ውሰዷት።

መንገድ ሲዘጋ

ክኒኑ ሊያልቅ 7 ቀን ሲቀረው ውጡ። ክረምት ወንዝ በሚሞላበት፣ መንገድም በሚዘጋበት ጊዜ የሁለት ወይም የሦስት ወር እንዲጻፍላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። የመድኃኒቱን ስምና ሚሊግራም ከነማሸጊያው ፎቶ አንሡ፤ በሌላ ከተማ ብትቀሩ ለባለሙያው ታሳዩታላችሁ። ካለቀባችሁና መውጣት ካልቻላችሁ ግማሽ ግማሹን እየዋጣችሁ አታብቃቁ፤ ሊያልቅ ሲቃረብ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደውላችሁ በቅርብ ጤና ጣቢያ የሚገኘውን ተተኪ ጠይቁ፣ እስኪገኝም ጨው ጭራሽ አቁሙና በየቀኑ ተለኩ።